ከጓደኛዬ ጋር በሌሊት ተራራ ልንወጣ ነው፤ ጠንካራ የግንባር መብራት ይበቃናል?

ጥያቄዎን ሌሎች አንባቢዎችም እንዲረዱት ባጭሩ ላስቀምጠው። እርስዎና ጓደኛዎ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከተራራው ግርጌ ልትነሱ፣ 12 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁና 900 ሜትር ሽቅብ ወጥታችሁ 3,200 ሜትር ከፍታ ካለው ሸንተረር ልትደርሱ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ከዚያ ሆናችሁ ልታዩ አስባችኋል። ጓደኛዎ መንገዱን በቀን ሄደውበታል፤ እርስዎ ግን አልሄዱበትም። ጠንካራ የግንባር መብራት ገዝታችኋል፤ ይህ ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም ምን እንደሚጎድላችሁ ጠይቀዋል።

መብራቱ አይበቃም። ከዚህም በላይ፣ ከምታዘጋጁት ነገር ሁሉ ቀላሉ መብራቱ ነው። ሰዎችን በሌሊት ተራራ ስመራ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ሌሊት ሰውን የሚጎዳው ጨለማው ብቻውን አይደለም፤ ጨለማው፣ ብርዱና የእንቅልፍ እጦቱ ተባብረው የማመዛዘን አቅም በሚያንስበት ሰዓት ላይ ከባድ ውሳኔ ለመወሰን መገደድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይመለሳል፦ መወሰን የሚቻለውን ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወስናችሁ፣ ለሌሊቱ መራመዱን ብቻ ተዉለት።

ከመነሻው ሰዓት ልጀምር፤ የዕቅዳችሁ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚያ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1892 ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ ያወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የስሌት ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። የእናንተ 12 ኪሎ ሜትር 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ 900 ሜትሩ አቀበት 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሲደመር ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ይህ ግን ሸክሙ የቀለለ ጠንካራ ሰው በቀን፣ ሳያርፍ ሲጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ከባድ ሸክም ላለበት የሌሊት ጉዞ እኔ ግማሽ እጨምርበታለሁ፤ ያ 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በየሰዓቱ የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ሲታከልበት 7 ሰዓት ይሞላል። እንግዲህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከተነሳችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሸንተረሩ ላይ ትደርሳላችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በላብ የረጠበ ልብስ ለብሳችሁ፣ ለነፋስ በተጋለጠ ቦታ፣ ፀሐይን ለአራት ሰዓት መጠበቅ ይቀራችኋል። ከድካም በኋላ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደግሞ በሌሊት ጉዞ ውስጥ ሰውነት ሙቀቱን በፍጥነት የሚያጣበት ጊዜ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብትነሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ፤ ብትዘገዩ እንኳ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ አላችሁ።

«ታዲያ እስከ 4 ሰዓት ምን እንሥራ?» ካሉ፣ መልሱ እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ ባሳተሙት ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10 በመቶ ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ይህንን በራሳችሁ ቀን ላይ አስሉት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነቅታችሁ ሳታሸልቡ ከዋላችሁ፣ የመጀመሪያው ልክ ላይ የምትደርሱት ጉዞውን በጀመራችሁ በአንደኛው ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው ልክ ላይ የምትደርሱት ደግሞ ፀሐይዋ ስትወጣ፣ ቁልቁለቱ ገና ከፊታችሁ ሳለ ነው። በዚያ ላይ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀትም ንቃትም በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፤ ይህ በእናንተ ዕቅድ ውስጥ የሚውለው በመጨረሻው አቀበት ላይ ነው። ምሽት ላይ ለመተኛት መሞከር ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ከተለመደው የመኝታ ሰዓት በፊት ያሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ሰውነት እንቅልፍን አጥብቆ የሚገፋባቸው ናቸው። ስለዚህ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው፣ ሁላችንንም በሚያንጎላጅጀው ጊዜ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ ተኙ። ካፌይን ያለው መጠጥ የምትወስዱ ከሆነ መነሻችሁ ላይ አትጨርሱት። ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ መጠጣቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት ያገለግላችኋል።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ ግን ከመብራቱ በፊት ዓይን ይቀድማል። ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። አንደኛዎቹ ቀለምንና ዝርዝርን የሚለዩ የቀን ሕዋሳት ሲሆኑ በዓይን እይታ መካከል ላይ ተጨናንቀው ይገኛሉ። ሁለተኛዎቹ ቀለም የማይለዩ፣ ነገር ግን በጣም ደካማ ብርሃን የሚበቃቸው የሌሊት ሕዋሳት ሲሆኑ፣ የሚበዙት ከመካከሉ ውጭ ባለው ዙሪያ ነው። የሌሊት ሕዋሳት ሙሉ አቅማቸውን ለማግኘት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ መቆየት ያስፈልጋቸዋል፤ ያንን ሁሉ ግን አንድ ደማቅ ነጭ ብርሃን በቅጽበት ያጠፋዋል። ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይገኛሉ። በጨለማ ውስጥ ደብዛዛ ነገር ለማየት በቀጥታ ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎኑ ይመልከቱ፤ በቀጥታ ሲያፈጡበት የሚጠፋው ቋጥኝ በጎን ሲያዩት ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ካርታ ለማየት መብራት ማብራት ግድ ሲሆን አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ይቆዩ፤ የተጨፈነው ዓይን የለመደውን ጨለማ አይረሳም። የሌሊት ሕዋሳት ለቀይ ብርሃን ደንታ ስለሌላቸው ብዙ የግንባር መብራቶች ቀይ ብርሃንም አላቸው፤ ይሁንና በቀይ ብርሃን ሥር በቡናማ ወይም በቀይ ቀለም የተሳሉ የከፍታ መስመሮች ከካርታው ላይ ጠፍተው ይታያሉ። ገደሉን የሚያሳዩት ደግሞ እነዚያው መስመሮች ናቸው።

ከፍታም የሌሊት እይታን ይቀንሳል። ሬቲና ኦክስጅን አብዝቶ የሚፈልግ አካል በመሆኑ፣ ለአውሮፕላን አብራሪዎች በሌሊት በረራ ተጨማሪ ኦክስጅን መጠቀም የሚመከረው ከ1,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው፤ በቀን ግን ከ3,000 ሜትር ገደማ ነው። እናንተ ወደ 3,200 ሜትር እየወጣችሁ ስለሆነ፣ ከላይ ስትደርሱ «መብራቱ ደከመ» የሚያሰኛችሁ አንዳንድ ጊዜ የራሳችሁ ዓይን ሊሆን ይችላል።

«ጠንካራ» ብለው ስለጠቀሱት መብራት፣ ብርታቱ ብቻውን ጥሩ ነገር አይደለም። በጣም ደማቅ ብርሃን ከፊት ለፊት ያለውን አምስት ሜትር እንደ ቀን ያበራና ከዚያ ባሻገር ያለውን ሁሉ ግድግዳ ያደርገዋል። በተለመደ መንገድ ላይ ለመራመድ 100 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ከበቂ በላይ ነው፤ 300 ሉመንና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው መገንጠያ ሲጠፋ ወይም ርቆ ያለ ምልክት ሲፈለግ ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ግንባር ላይ ያለ መብራት ከዓይን አጠገብ ስለሚወጣ ጥላን ይደብቃል። ጥላ ከሌለ ጉድጓዱም ጉብታውም አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ መሬት ይመስላሉ። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ መብራቱን ከግንባር አውርዶ በወገብ ልክ በእጅ መያዝ እያንዳንዱን ድንጋይ ከነጥላው ያሳያል። ጉም ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ በግንባር ልክ የሚወጣው ብርሃን በጉሙ ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ስለሚመለስ፣ ዝቅ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው መንገድ የሚያሳየው።

በመብራቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የቆይታ ሰዓት እንዳያታልላችሁ። አምራቾች በብዛት በሚከተሉት የአሜሪካ መለኪያ መሠረት ያ ሰዓት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው አንድ አሥረኛ እስኪሆን ድረስ ነው፤ አንድ አሥረኛ ብርሃን ደግሞ ለእግረኛ መብራት ሳይሆን ፍም ነው። ብርድም የባትሪ ድንጋይን ያደክማል፤ በተለይ አልካላይን የሚባለውን። የሊቲየም ድንጋይ ብርድን በተሻለ ይቋቋማል። ሁሉንም ዓይነት ግን ከውስጥ ልብስ አጠገብ ማቆየት ይጠቅማል። መለዋወጫ ድንጋይ ብቻ ከመያዝ ይልቅ ሦስተኛ ትንሽ መብራት እንድትይዙ እመክራለሁ፤ በጨለማ ውስጥ ድንጋይ ለመቀየር ራሱ መብራት ያስፈልጋልና። እኔ ይህንን የተማርኩት አንድ ሌሊት መብራቴን ከቦርሳዬ ሳወጣው ውስጥ ሳለ ተጭኖ ሲበራ ቆይቶ መሞቱን ባየሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ የሚወጣ መብራት ከሆነ አንዱን ድንጋይ ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ቁልፍ ያለው ከሆነ ቆልፌው።

የጨረቃን ጉዳይ አልጠቀሱም። ቀኑን የመምረጥ ነፃነት ካላችሁ ግን ከመብራት ግዢ ይልቅ የሚጠቅማችሁ እርሷ ናት። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ እስከ ንጋት ትቆያለች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትወጣለች። እናንተ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት ስለምትጓዙ፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ከሁሉ ይሻላሉ፤ ጨረቃዋ ከመነሳታችሁ በፊት ወጥታ መንገዱን ሁሉ ትከተላችኋለች። ከሙሉ ጨረቃ አንድ ሳምንት በፊት ያለችው ግማሽ ጨረቃ ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ስለምትጠልቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት አትገኝም። ግማሽ ጨረቃ ግማሽ ብርሃን ትሰጣለች ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ የምትሰጠው ከሙሉ ጨረቃ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ጨረቃዋ ከተራራው በላይ እስክትወጣ ድረስ ሙሉም ብትሆን የለችም።

መንገድ ስለ መሳት ስናነሳ፣ ጓደኛዎ መንገዱን ማወቃቸው መልካም ነው፤ ግን በቀን የሚያውቁትን ያህል በሌሊት ያውቁታል ብላችሁ አትመኑ። ሰው መንገድን የሚያስታውሰው ራቅ ብሎ በሚታይ ነገር ነው፤ ያ ቋጥኝ፣ ያ ጫፍ፣ ያ የዛፍ ጥግ። ሌሊት እነዚህ ሁሉ የሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 ያን ሳውማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን በጫካና በበረሃ ውስጥ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ጠይቀው በሳተላይት መሣሪያ ተከታትለዋቸው ነበር። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ለሚታያቸው መንገዳቸው ቀና ነበር፤ ሰማዩ ሲሸፈን ግን ሳይታወቃቸው ታጥፈው በራሳቸው ዱካ ላይ ተመልሰው መጡ። በረሃውን በሌሊት የተጓዘው ሰው ጨረቃዋ እስክትጋረድ ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ስትጋረድ ግን ዞረ። ስለዚህ «ይሰማኛል» የሚለውን ቃል ከሌሊት ጉዞ አውጡት።

በምትኩ በቀን፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ካርታውን ዘርግታችሁ መንገዱን በወረቀት ላይ ቆራርጡት። መገንጠያዎችን፣ የጅረት መሻገሪያዎችን፣ ዳገቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱም ከፍታውንና ከቀዳሚው ነጥብ ይፈጃል የምትሉትን ደቂቃ መዝግቡ። ሌሊት ላይ የምትጠይቁት ጥያቄ «የት ነን?» ሳይሆን «የሚቀጥለው ነጥብ በሰዓቱ መጣ ወይ?» ይሆናል። ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ሩብ ሰዓት ተጉዛችሁ ነጥቡ ካልመጣ ቁሙ፤ እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ነጥብ ተመለሱ። በጣም ከባዱ ትእዛዝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ «ከዚያ መታጠፊያ ባሻገር ይሆናል» የሚል ድምፅ አለ። ስልካችሁ ያለ ኔትዎርክም ቦታችሁን ከሳተላይት ማወቅ ይችላል፤ ግን ካርታው አስቀድሞ መውረድ አለበት፤ ስልኩም በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ሆኖ በውስጥ ኪስ መቀመጥ አለበት። በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ምልክቱ ከገደል ላይ ስለሚንጸባረቅ በአንድ ንባብ አትመኑ። ኮምፓስ ስታነቡ ስልኩን ከአጠገቡ አርቁ፤ ኮከብንም ለረጅም ጊዜ መሪ አታድርጉ፤ የሰማይ ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ይዞራሉና።

መንገዱን አንድ ጊዜ በቀን አብራችሁ ብትሄዱበት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። እኔ በቀን ያላየሁትን መንገድ በሌሊት ሰው አልመራበትም፤ እርስዎም ባይሄዱበት ደስ ይለኛል። ድልድይ የሌለው ወንዝ፣ በሁለት በኩል ገደል ያለው ጠባብ ሸንተረር ወይም ልቅ የድንጋይ ናዳ በመንገዱ ላይ ካለ ደግሞ ጉዞው ለመጀመሪያ ሌሊት የሚሆን አይደለም። ቦታው ጥብቅ ከሆነም የሌሊት እንቅስቃሴ መፈቀዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ብርድ በቁጥር ላስረዳ። በአማካይ አየሩ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ እናንተ 900 ሜትር ስትወጡ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ግርጌው ላይ 8 ዲግሪ ከነበረ ሸንተረሩ ላይ 2 ዲግሪ ትጠብቃችኋለች፤ ሌሊቱ ሲነጋጋ ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች፤ ጥርት ያለ ሰማይ ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ስለሚያድር ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ዙሪያ ነው። እናንተ ተቀምጣችሁ የምትጠብቁት በዚያው ሰዓት ነው። ነፋስ ሲጨመርበት 0 ዲግሪ የሆነ አየር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ ለተጋለጠ ቆዳ እንደ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ይሆናል። ሸለቆ ውስጥ ግን ሌላ ሕግ አለ፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውኃ ወደ ታች ፈስሶ ከሸለቆው ወለል ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ከወለሉ ጥቂት አሥር ሜትሮች ከፍ ብሎ ያለው ተዳፋት ከወለሉ ይሞቃል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ብዙ ልብስ ለብሶ መነሳት አይደለም። ሲነሱ ጥቂት ሊበርዳችሁ ይገባል፤ አለዚያ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላብ ያጠልቃችኋል፤ ያ ላብ ደግሞ ከላይ ስትቆሙ ጠላታችሁ ይሆናል። ከሰውነት ጋር የሚነካካው ልብስ ከጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ውኃን ይዞ ያቆያልና። ደረቅ የውስጥ ልብስ፣ ወፍራም ጃኬትና የነፋስ መከላከያ ከቦርሳው አናት ላይ ይቀመጡ፤ ሸንተረሩ ላይ ስትደርሱም ከማረፋችሁና ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ልብስ ቀይሩ። ውኃው ሊረጋ የሚችልበት ብርድ ካለ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ያዙ፤ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ ነፃ ይቆያል።

ሸክሙን በተመለከተ፣ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ የሚሰጠው ምክር በሌሊት ይበልጥ ይሠራል፤ ክብደቱ 65 ኪሎ ለሆነ ሰው 13 ኪሎ ማለት ነው። ከባድ ቦርሳ እግር ሲያንሸራትት ሰውነትን ይጎትታል፤ ሌሊት ደግሞ እግር ብዙ ጊዜ ያንሸራትታል። እኔ ብሆን ግማሹን መንገድ በቀን ሄጄ ድንኳኑን በመካከል ተክዬ፣ ጥቂት ተኝቼ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመኝታ ከረጢት፣ ልብስ፣ ውኃና ምግብ ብቻ ይዤ ወደ ሸንተረሩ እወጣ ነበር። የሌሊት ጉዞው ያጥራል፤ ፀሐይዋ ግን ያው ፀሐይ ናት።

አሁን ስለ ጓደኛዎ። ሁለት ሰው ሲሆን ጥሩው ነገር አንዱ ሌላውን ማየቱ ነው፤ ክፉው ነገር ይሉኝታ ነው። አንዱ ይደክመውና «ጉዞውን አበላሽበታለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ሌላውም ደክሞት «እርሱ ዝም ካለ እኔ ምን ልበል» ይላል። ሁለቱም ለመመለስ እየፈለጉ ሁለቱም ሽቅብ ይሄዳሉ። ልምድ ያለው ሰው ሲኖር ደግሞ ይብሳል፤ ልምድ የሌለው ጥርጣሬውን ይውጠዋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት፣ በቀን፣ አንድ ነገር ተስማሙ፦ ከሁለቱ አንዱ «ይብቃን» ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ ጉዞው ያበቃል። በየሰዓቱም ስትቆሙ «ደህና ነህ?» ተባብላችሁ አትለፉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነውና። የሚለካ ነገር ጠይቁ፦ ጣቶችህ ይሰሙሃል? መቼ ጠጣህ? አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣት ጋር አነካካ። ጣቶቹን ማገናኘት ያቃተው፣ ቃል የሚጎትት፣ በተደጋጋሚ የሚደናቀፍ ወይም ያለ ልማዱ የሚነጫነጭ ሰው የሰውነት ሙቀቱ ወደ አደገኛው 35 ዲግሪ እየወረደ ሊሆን ይችላል፤ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ደግሞ ጉዳዩ ድንገተኛ አደጋ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት፤ አትውጡ። እግሩን ከእግሩ ፊት እያስቀደመ በቀጥታ መስመር መራመድ ካቃተው ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ሰዓት መውረድ አለበት።

ስትሄዱ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን፤ ፍጥነቱን የሚወስነው እርሱ ነው። ከኋላ ያለው መብራቱን ዝቅ ያድርግ፤ አለዚያ የፊተኛውን ጥላ ራሱ በሚረግጥበት መሬት ላይ ይጥልበታል። ስትነጋገሩ መብራቱን ወደ መሬት ማዘንበልን ልማድ አድርጉት፤ ፊት ለፊት ተያይቶ መነጋገር የሁለቱንም ዓይን ለግማሽ ሰዓት ያጠፋል። ልቅ ድንጋይ ባለበት አቀበት ላይ አንዱ በሌላው በቀጥታ ሥር አይሂድ።

የመመለሻውን ሰዓትም በወረቀቱ ላይ በደማቁ ጻፉት። በ4 ሰዓት ከተነሳችሁ የመንገዱ አጋማሽ 7 ሰዓት ተኩል ላይ መምጣት አለበት። 8 ሰዓት ተኩል ሆኖ አጋማሹ ላይ ካልደረሳችሁ፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ፈልጋችሁ ድንኳኑን ተክላችሁ ተኙ፤ ፀሐይን ከዚያው እዩ። ይህንን ቁጥር በሌሊቱ መሐል አትከራከሩበት፤ ቀን ላይ ያስቀመጣችሁት ለዚያ ነው። ለአንድ ቤት ለሚቀር ሰው ደግሞ መንገዳችሁን፣ ወርዳችሁ ግርጌ የምትደርሱበትን ሰዓትና «እስከዚያ ሰዓት ካልደወልን ለነፍስ አድን ደውል» የሚል ቃል ትታችሁ ሂዱ።

አንዳችሁ ብትጎዱ፣ ለምሳሌ ቁርጭምጭሚት ቢዞር፣ በጨለማ ውስጥ እያነከሱ ከመውረድ ይልቅ ቦርሳው ላይ ተቀምጦ፣ ያለውን ሁሉ ለብሶ፣ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ንጋትን መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። የተጎዳውን ብቻውን ትቶ መሄድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ለእርዳታ የሚያገለግለው የተራራ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1894 እንግሊዛዊው ክሊንተን ዴንት ያቀረበው ነው፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ በፊሽካ ወይም በመብራት ምልክት መስጠት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም። ያያችሁ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልስላችኋል። መልስ ብታገኙም ምልክቱን አታቋርጡ፤ የሚመጣው ሰው በጨለማ ውስጥ ያላችሁበትን የሚያገኘው በእርሱ ነው።

ቁልቁለቱ ብዙ ሰው ዕቅድ የማያወጣለት ክፍል ነው፤ ተጓዦች አብዝተው የሚወድቁት ግን ሲወርዱ ነው። ጭኖቻችሁ ዝለዋል፤ እንቅልፋችሁ ጎድሏል፤ ፀሐይዋንም ስላያችሁ ልባችሁ ጉዞው እንዳለቀ ቆጥሮታል። ስለዚህ ፀሐይዋ ሸንተረሩን ካሞቀችው በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተኙ፤ ከነቃችሁ በኋላም ድንዛዜው እስኪለቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ፣ በልታችሁና የጫማችሁን ማሰሪያ ጣቶቻችሁ ወደ ፊት እንዳይገፉ አጥብቃችሁ ውረዱ። ግርጌ ላይ መኪና የሚጠብቃችሁ ከሆነ የሚነዳው ሌሊቱን ያልተጓዘ ሦስተኛ ሰው ይሁን፤ እርሱ ከሌለ ደግሞ ድንኳኑን እንደገና ዘርግታችሁ እስከ ከሰዓት ተኝታችሁ ንዱ።